ከግቢ የተነገረ ዋጋ

አንድ ቢተው የሚባል አናጢ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ጋሽ ልሳኑ ከሚባሉ የጣሪያ ባለሙያ ሥር ሠርቶ እጁ ከተፍታታ በኋላ፣ ራሴን ልቻል ብሎ ፈቃድ አወጣ። እቁቡም በመጀመሪያው ዙር ደረሰውና መጋዝ፣ መዶሻና ሁለት ረጃጅም መሰላሎች ገዛበት። የተረፈውን ለሥራ መነሻ አስቀመጠው። በወረቀት ላይ ተቋራጭ ሆነ። ሥራ ግን ወረቀት አይቶ አይመጣም፤ ስም ያለውን ሰው ይፈልጋል፣ ስም ደግሞ ያለ ሥራ አይገኝም። ቢተው በዚህ መሐል ሁለት ወር ተቀመጠ።

በዚያው ከተማ ወይዘሮ የሻረግ የሚባሉ የእህል ነጋዴ ነበሩ። የመጋዘናቸው ጣሪያ ዝጎ ስለ ነበር ክረምት ሳይገባ ሊያስለውጡት ፈለጉ። ቆርቆሮውን ራሳቸው ገዝተው ግቢ ውስጥ ቆልለውታል። እንጨቱ፣ ሚስማሩና የእጅ ዋጋው ሥራውን በሚይዘው ሰው ላይ ነው።

በከተማዋ የጣሪያ ሥራ የሚዋዋሉት በአንድ ልማድ ነበር። አሠሪው ባለሙያዎቹን በየተራ ወደ ግቢው ይጠራል። የተጠራው ግድግዳውን በእርምጃ ይለካል፣ አንጋጦ ያያል፣ ዋጋ ይናገራል። ቀጥሎ ለሚመጣው የፊተኛው ያለው ይነገረዋል። እንዲህ እያለ ዋጋው ቁልቁል ይወርድና ሥራው የመጨረሻውን ዝቅተኛ ዋጋ ለተናገረው ይሰጣል። ማንም ይህን ልማድ ክፉ ነው ብሎ አያውቅም።

መጀመሪያ የተጠሩት ጋሽ ልሳኑ ነበሩ። እሳቸው እርምጃ አልቆጠሩም። መሰላል አስመጥተው ወጡና እስከ እኩለ ቀን ጣሪያው ሥር ሲያንኳኩ ቆዩ። የሸረሪት ድር ለብሰው ሲወርዱ ዘጠና ሺህ ብር አሉ። ወይዘሮ የሻረግ አመስግነው ሸኟቸውና ቢተውን አስጠሩት።

ቢተው ግድግዳውን ለካ፣ ቀና ብሎም አየ። ከታች ሆኖ ሲያየው ቆርቆሮውን የተሸከመው ወራጅ እንጨት ሁሉ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚለወጥ አልመሰለውም። ጋሽ ልሳኑ ዘጠና ማለታቸውን ሲሰማ ሐሳቡ ከጣሪያው ወጥቶ ወደ ሰውዬው ሄደ። እኚህ ሰው ዘጠና ያሉት በስማቸው ነው፣ እኔ በደንብ ዝቅ ካላልሁ ማን ያየኛል ብሎ አሰበና አምሳ አምስት ሺህ አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ወይዘሮ የሻረግ አንድ ብር እንኳ ቀንስ አላሉትም። ለሩብ ኪሎ ምስር ሲከራከሩ የሚውሉ ሴት ዝም ብለው ሲቀበሉት መጠርጠር ነበረበት። እሱ ግን ደስታው አላስቻለውም። ተፈራረመ፣ ቀብድ ተቀበለ፣ በማግስቱ ሥራ ጀመረ።

በሦስተኛው ቀን አሮጌው ቆርቆሮ ተነሥቶ አለቀ። ቢተው አንዱን ወራጅ በመዶሻ መታ ሲያደርገው መዶሻው ወደ ውስጥ ገባ። ምስጥ ከግድግዳው ተነሥቶ ሽቅብ ወጥቶ እንጨቱን ከውስጥ በልቶታል፤ የቀረው ከላይ ያለው ቅርፊት ነው። ሁለተኛውን መታ፣ ሦስተኛውን መታ። ከሠላሳው ወራጅ ሃያ ሁለቱ እንደዚያው ነበር።

አዲስ እንጨት ልግዛ ቢል ቀብዱም የእቁቡ ገንዘብም አይበቃውም፤ መሣሪያውን መሸጥ ሊኖርበት ነው። መሣሪያ የሌለው ተቋራጭ ደግሞ ያው የቀን ሠራተኛ ነው። አብሮት የሚሠራው አናጢ አንድ መላ አለው። አዲሱን ቆርቆሮ በተበላው እንጨት ላይ እንምታው፣ ሁለት ክረምት ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ለሚሆነው ማን ይጠይቀናል አለው። ቢተው ወደ ታች አየ። እህል ጫኝና አውራጆቹ ጆንያ ላይ ጋደም ብለው ምሳቸውን እየበሉ ነበር። አስር ይሆናሉ። ዕለቱን ሥራውን አቁሞ ወደ ጋሽ ልሳኑ ቤት ሄደ።

ሽማግሌው ነገሩን እስኪጨርስ ሰሙት። ምስጡን ዋጋ በተናገሩበት ቀን አይተውት እንደ ነበርና ለወይዘሮ የሻረግም እንደ ነገሯቸው አልደበቁትም። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁት።

«አምሳ አምስት ስትል ምን አይተህ ነው?»

ቢተው አፈረ። «የእርስዎን ዋጋ ሰምቼ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ዋጋ ያወጣኸው ለእኔ ነው» አሉት። «ለጣሪያው ገና አላወጣህለትም።»

ከዚህ ሌላ ምክር አልሰጡትም። ቢተውም መንገዱን ሁሉ ይህችን ቃል ሲያመነዥክ ሄደ። ሰባት ዓመት አብሯቸው ሲሠራ አመታታቸውን፣ አቆራረጣቸውን፣ ቆርቆሮ አደራረባቸውን ሁሉ ተምሯል። ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ለምን ያን ያህል ሰዓት ጣሪያ ላይ እንደሚቆዩ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቋቸው አያውቅም። የእርጅና ዝግታ ይመስለው ነበር።

በነጋታው አንዱን ወራጅ ተሸክሞ ወይዘሮ የሻረግ ዘንድ ገባ። ፊታቸው አስቀምጦ በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው እንጨቱ ዱቄት ሆነ። ሴትዮዋ አልደነገጡም።

«ያውቁ ነበር፣ እትዬ» አላቸው። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠየቅኸኝ? እኔ ጤፍ ስገዛ እጄን እስከ ጆንያው ሥር እሰዳለሁ እንጂ ሻጩ ከሥር ያለውን ይነግረኛል ብዬ አልጠብቅም። አንተ የጆንያውን አፍ ብቻ አይተህ ገዛህ።»

ሴትዮዋ ያሉት እውነት ነው። ግማሽ እውነትም ቢሆን ያ ግማሽ የቢተው ጥፋት ነው። ስለዚህ ሊከራከርበት የመጣውን ሁሉ ተወው።

«ልክ ነዎት፤ ሳልወጣ ዋጋ መናገሬ የኔ ጥፋት ነው። ስለዚህ የእጅ ዋጋዬን አልጨምርም፤ ሳልጠቀም እሠራለሁ። እንጨቱን ግን መግዛት አልችልም፣ በዚህ እንጨት ላይ ደግሞ ቆርቆሮ አልመታም። ከሥሩ ሰው ይቀመጣል። ወይ እንጨቱን ይግዙ፣ ወይ ቀብድዎን ልመልስና ሌላ ይፈልጉ።»

ወይዘሮ የሻረግ ቀና ብለው ክፍቱን ጣሪያ አዩ። ሁለት መቶ ኩንታል እህል ሰማይ ሥር ተቀምጧል፣ ወሩም ግንቦት ነው። ሌላ ባለሙያ ቢጠሩ ደግሞ ያው ምስጥ ዋጋውን ዘጠና ያደርሰዋል። ብዙ ካጉረመረሙ በኋላ እንጨቱን ገዙ።

ሥራው በሦስት ሳምንት አለቀ። ጥሩ ሥራ ነበር። ቢተው ለሠራተኞቹ ከፍሎ ሲያበቃ በእጁ የቀረው ለእቁቡ የአንድ ወር መክፈያ የማይሞላ ነው። መሣሪያው ግን አልተሸጠም። ክረምቱ ገብቶ አዲስ ሥራ ሲጠፋ፣ የሚያፈሱ ጣሪያዎችን ልጠግን ብሎ ተመልሶ ጋሽ ልሳኑ ዘንድ ሄደ። ተቋራጭ ነኝ ብሎ ለወጣ ሰው እንዲህ መመለስ ያማል፤ እሱንም አመመው። ሽማግሌው አልቀለዱበትም፤ ተቀመጥ ካሉት በኋላ ለቀን ስንት ልክፈልህ ብለው ጠየቁት።

ቢተው «ሌሎቹ ስንት ይወስዳሉ?» ሊል አፉን ከፈተ። ከፍቶም ዘጋው። በቀን ስንት ጣሪያ እንደሚጠግን፣ የጠገነው ተመልሶ እንዳያፈስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈልግ፣ ለቤቱ ምን እንደሚበቃው አሰበ። ከዚያ አንድ ዋጋ ተናገረ። ሌሎቹ ከሚወስዱት ይብዛ ይነስ አላወቀም።

ጋሽ ልሳኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉና «አሁን ተቋራጭ ሆንህ» አሉት።

ወዳጄ፣ ዋጋ ማውጣት ከጎረቤት በታች መጥራት አይደለም። ሥራው ስንት እንደሚፈልግ የሚነግርህ ራሱ ሥራው ነው፤ እሱም የሚነግርህ ወጥተህ ስታንኳኳው ብቻ ነው። ሳይታይ የተቀነሰ ዋጋ ጠፍቶ አይቀርም፤ ወይ ሠሪው ከኪሱ፣ ወይ አሠሪው ከንብረቱ፣ ወይም ምንም የማያውቅ ከሥር የተቀመጠ ሰው በነፍሱ ይከፍለዋል። ይህ ለጣሪያ ብቻ አይደለም። ለጉልበትህ፣ ለቃልህ፣ ለትዳርህ፣ ለዕድሜህ ያወጣኸው ዋጋ አለ። እስኪ ራስህን ጠይቅ፤ ያን ዋጋ ያወጣኸው ነገሩን ራሱን አይተህ ነው ወይስ ከአንተ በፊት ግቢው የገባው ሰው ያለውን ሰምተህ?