ጴጥሮስን የተጫወተው ጓንት ሰፊ

በድሮ ዘመን፣ በእንግሊዝ አገር፣ ግንብ በከበባት አንዲት ከተማ አንድ ጓንት ሰፊ ነበረ። ዋልተር ይባላል። ማንበብ ያስተማሩት ወዳጁ መምህር አምብሮስ ናቸው።

መምህሩ የጥንት ግሪኮችንና ሮማውያንን መጻሕፍት ለከተማው ልጆች ያስተምሩ ነበርና፣ "የአረማውያን ትምህርት ያስፋፋሉ" ተብለው ተከሰሱ። ዋልተር ለመምህሩ እንዲመሰክር ተጠራ።

"ይህን ሰው ታውቀዋለህ?" አሉት ዳኛው።

ምን ያለ ይመስላችኋል? ሱቁን አሰበ፤ ልጆቹን አሰበ። "አላውቀውም" አለ። አንቱታቸውን እንኳ ነፈጋቸው! መምህሩ ወህኒ ወረዱ።

ወገኖቼ፣ ከዚያ ወዲያ ለዋልተር ሰላም ከየት ይምጣ?

በዚያች ከተማ በየዓመቱ በበዓል ቀን የእጅ ባለሙያዎች የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በሰረገላ ላይ ሆነው፣ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ በቴአትር ያሳዩ ነበር። ያን ዓመት ለጓንት ሰፊዎች የደረሳቸው የጴጥሮስ ክህደት ነው። "ድምፅህ ያምራል፤ ጴጥሮስን አንተ ሁን" አሉት። እምቢ እንዳይል ምክንያቱን መናገር አፈረ።

ቀኑ ደረሰ። አደባባዩ ጢም ብሏል። የገረዲቱን ቦታ የያዘው ባልደረባው፣ "አንተስ ከእርሱ ጋር አልነበርክምን?" ሲል ጠየቀው።

ዋልተር "አላውቀውም" ሊል አፉን ከፈተ። ከፊቱ ማን ቆሟል? መምህር አምብሮስ! የከተማው ጳጳስ መጻሕፍቱን አስመርምረው ነውር ቢያጡባቸው አስፈትተዋቸው ኖሯል። ከስተዋል፤ ጢማቸው ሸብቷል።

ዋልተር በጉልበቱ ወደቀ። "አውቃቸዋለሁ!" ብሎ ጮኸ። "መምህሬ፣ ካድኩዎት!"

ሕዝቡ ቴአትሩ መስሎት ያለቅሳል። መምህሩ ግን ሰረገላው ላይ ወጥተው ክንዱን ያዙት።

"ተነስ ዋልተር። የጴጥሮስ ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል እንዴ? ይልቅ የወህኒ ዳቦ አንገሽግሾኛል፤ ቤትህ ምን አለ?"

ዋልተር እያለቀሰ ሳቀ። ተያይዘው ወደ ቤቱ ሄዱ።

እናንተስ? ስሙ ሲነሳ አንገታችሁን የምትደፉለት ሰው የለምን? "አላውቃትም" ያላችኋት እህት የለችምን? ጌታ እኮ ጴጥሮስን በባሕሩ ዳር ሲያገኘው "ለምን ካድከኝ?" አላለውም። ፍም አዘጋጅቶ፣ ዓሣ ጠብሶ፣ "ኑ፣ ብሉ" አለ እንጂ።

ሂዱ፣ በራቸውን አንኳኩ። በድላችሁ ሳይሆን ተበድላችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ሲያንኳኩ ክፈቱላቸው።