የጉድጓዱ ምስልና አሥራ አንዱ ቀን

አንዲት የድንጋይ ባለሙያ ነበረች፤ ፀዳለ ትባላለች። ሥራዋ ከምድር በታች ያለውን እንፋሎት ለኤሌክትሪክ ኃይል ለሚፈልጉ ሰዎች የጉድጓድን ግድግዳ ማንበብ ነው። ቆፋሪዎቹ ጉድጓዱን ሲጨርሱ ምስል የሚያነሳ መሣሪያ በገመድ ያወርዳሉ። እሷ ምስሉን ዘርግታ ድንጋዩ የት እንደተሰነጠቀ፣ የምድር ጫና ከየት ወዴት እንደሚገፋው ትለያለች። እንፋሎት የሚመላለሰው በስንጥቁ ውስጥ ነውና፣ ቀጣዩ ጉድጓድ የሚቆፈረው እሷ ባመለከተችው በኩል ነው።

በአንድ የስምጥ ሸለቆ መንደር አጠገብ የመጀመሪያው ጉድጓድ ተቆፈረ። ከጥልቁ የመጣው ምስል ደብዛዛ ነበር። ከላይ፣ የጉድጓዱ ግድግዳ እንዳይናድ ከሚገባው የብረት ቧንቧ ጫፍ ሥር የተነሳው ግን ጥርት ብሎ ወጣ። ብረት የመሣሪያውን ኮምፓስ ስለሚያሳስት፣ ቧንቧው አጠገብ በተነሳ ምስል አቅጣጫ እንደማይለካ ሙያውን የያዘ ሁሉ ያውቃል። ፀዳለም ታውቃለች። ነገር ግን ሪፖርቱ የሚገባበት ቀን ደርሶባት ነበርና ዓይኗ ጥርት ወዳለው አደላ። ስንጥቁ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል ብላ ጻፈች። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ያው መንደር፣ ኦቦ ቱፋ የሚባሉ ሽማግሌ የሚኖሩበት፣ አለ። ዘጠኝ አባወራዎች በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሱ ተነገራቸው።

ሪፖርቱ ከገባ በኋላ ፀዳለ ደብዛዛውን ምስል ረጋ ብላ አየችው። ስንጥቁ የሚሄደው ወደ ሰሜን፣ ሰው ወደማይኖርበት የድንጋይ ሜዳ ነበር። ደነገጠች። ለአለቃዋ ልትነግር ተነሳችና፣ እስቲ አንዴ ደግሜ ልለካ አለች። ደግማ ለካች፤ ያው ነው። ከዚያ አለቃው መስክ ወጡ፤ ከዚያ ሰንበት ሆነ፤ ከዚያ ደግሞ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ።

ስህተቷን ካወቀች በአሥራ አንደኛው ቀን ነገረቻቸው። አለቃው ሳቁ።

"ድንጋይ ፍርድ ቤት ሄዶ አይከስሽ፣ ምን አስጨነቀሽ?"

"ድንጋዩን አይደለም የፈራሁት፣ ኢንጂነር።"

ሳቃቸውን አቆሙ። ምስሉን ደጋግመው አገላበጡት። ማህተም ካረፈ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ብዙ አጉረመረሙ፤ በመጨረሻ ግን ሰዎቹን የማንሳቱ ሥራ እንዲቆም ጻፉ።

ደብዳቤውን ሌላ ሰው ሊያደርሰው ይችል ነበር። ፀዳለ ግን በዚያው ቀን ራሷ ይዛው ሄደች። ኦቦ ቱፋን ከቤታቸው ማገር ላይ ምስማር ሲነቅሉ አገኘቻቸው። ጣራው ወርዷል። ባለቤታቸው ዕቃቸውን ከምረው ግራር ሥር ተቀምጠዋል። መንደሩ እንደማይነሳ፣ ስህተቱም የራሷ መሆኑን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም። ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም ብለው ሊያጽናኗት ሞከሩ። ከዚያ ጠየቋት።

"ይህን ያወቅሽው መቼ ነው፣ ልጄ?"

ትናንት ማለት ትችል ነበር።

"አሥራ አንድ ቀን ሆነኝ፣ አባባ።"

ኦቦ ቱፋ መዳፋቸው ላይ ያለውን ምስማር አዩት።

"እኔ ማፍረስ የጀመርኩት ከትናንት በስቲያ ነው" አሉ።

ፀዳለ ለስህተቷ ይቅርታ አግኝታለች። ያንን ቤት ያፈረሱት ግን ዝም ያለችባቸው ቀናት ናቸው። እውነት ዘግይቶ ሲነገርም እውነት ነው፤ የሚያድነው ነገር ግን በየቀኑ እያነሰ ይሄዳል። እኛስ፣ እንናገረዋለን ብለን ያቆየነውን ነገር ካወቅን ስንት ቀን ሆነን? እስከዚያው ማን ጣራውን እያወረደ ይሆን?