በሽባባው ክንድ የተለካው ገንዳ

በጣና ዳር፣ ሾላ በር በምትባል ትንሽ የዓሣ ወደብ፣ ሰው ገና ያልጨበጠውን ነገር እንደ ጨበጠ አድርጎ ሲያወራና በዚያው ወሬ ላይ ሥራ ሊጀምር ሲነሣ፣ ሽማግሌዎች አንዲት ቃል ጣል ያደርጉበታል። ቃሏ አጭር ናት፤ ይሁን እንጂ ብዙ ነገር ከተሰበረ በኋላ የተገኘች ናት።

የወደቡ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ሽባባው ይባሉ ነበር። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው፣ ደንገል በከበባት አንዲት ሰላጤ ውስጥ፣ ጎኑ ቢጫ ክንፉ ቀይ የሆነ ዓሣ በዓይናቸው አይተዋል። ይህ እውነት ነው። ዓሣው የሌባ ጣት ያህል ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ዓሣ በውኃ ውስጥ የሚያድገው በዓመት ሲሆን፣ በጠላ ቤት የሚያድገው በዋንጫ ነው። የአቶ ሽባባው ዓሣ በመጀመሪያው ዓመት መዳፍ አከለ፤ በሦስተኛው ስንዝር አለፈ፤ እርሳቸው ሊቀ መንበር ሆነው በተመረጡ ጊዜ ክንድ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዓሣውን ማሳነስ ከወንበር መውረድ መሰላቸው።

በዚህ መካከል አንድ ባለሀብት ሰላጤዋን በድንጋይ ሞልቶ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራባት ጥያቄ አቀረበ። ሰላጤዋ ዓሣ የሚራባባት፣ የሾላ በር ሰው ሁሉ የእንጀራ ገመድ ናት። አገሬው ጭንቅ ላይ ሳለ ትርሲት የምትባል የዓሣ ተመራማሪ መጣች፤ አጥማጆቹንም ሰብስባ እንዲህ አለች፦

«ጋሼ ሽባባው አየሁት የሚሉት ዓሣ ከዚህች ሰላጤ በቀር የትም አይገኝም፤ ፎቶግራፉ የባለሀብቱን ጥያቄ ለሚወስነው ጉባኤ ከቀረበ ሰላጤዋ አትነካም። ጉባኤው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የሚቀመጠው። ግን ዓሣው ከነሕይወቱ መነሣት አለበት። ዓሣ ሲሞት ቀለሙም አብሮት ይሞታል።»

ለዚህም በዓሣው ልክ የተሠራ ጠባብ የመስታወት ገንዳ ያስፈልግ ነበር። ገንዳው ከሰፋ ዓሣው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ምስሉም ይደበዝዛል። ትርሲት አንድ ጥርት ያለ ስስ መስታወት ለመስታወት ቆራጩ ለእጅጉ ሰጠችና «መጀመሪያ ዓሣው ይያዝ፤ ከዚያ ይለካ፤ መስታወቱ ከሁሉ በኋላ ነው» ብላው ወደ ደሴቶቹ ተሻገረች።

አቶ ሽባባው ግን ለሊቀ መንበር ወረፋ መጠበቅ አይገባም የሚሉ ሰው ነበሩና፣ በማግሥቱ አጥማጆቹን አስከትለው እጅጉ ደጃፍ ደረሱ።

«ቁረጥ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

«ዓሣውን ነዋ፣ ጋሼ። ይያዝና እለካዋለሁ።»

«እኔ ያየሁትን አንተ ምን ትለካዋለህ? የኔ ዓይን ሜትር ነው!»

«እንግዲያው ይንገሩኛ፤ ስንት ሴንቲ ነው?»

አጥማጆቹ ቀረብ አሉ። አቶ ሽባባው ምላሳቸው ላይ «ጣት ያህላል» የምትል ቃል መጥታ ነበር፤ እጃቸው ግን ቀደማትና ተዘረጋ።

«ይኸው! ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ።»

«ባለፈው ሲያወሩልን ጅራቱ ለብቻው ነበር» አለ አንዱ ከኋላ።

«ጅራቱንም ጨምርበት!»

እጅጉ ራሱን አከከ። «ጋሼ፣ ይህ መስታወት ስስ ነው። ለትንሽ ዓሣ ቢሆን አራት ገንዳ ይወጣው ነበር። ለዚህ ግን ሁሉም በአንዱ ያልቃል፤ ውኃውን መቻሉንም እንጃ።»

«መስታወቱ አይደለም የሳሳው፤ ልብህ ነው።»

እጅጉ ቆረጠ። የመቁረጫው ጫፍ በመስታወቱ ላይ ሲያፏጭ፣ አቶ ሽባባው በገዛ ጥርሳቸው ላይ የሚሄድባቸው ያህል ተሰማቸው።

ትርሲት ልትመለስ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት ታንኳ ቀዛፊ አያ ልየው በባልዲ ውኃ አንድ ነገር ይዘው መጡ። አቶ ሽባባው ጎንበስ ብለው አዩ። ቢጫ ጎን፣ ቀይ ክንፍ፣ ርዝመቱ አንድ ጣት።

«ሽባባው፣ ዘመድህ መጣ።»

«ይህማ ግልገሉ ነው፤ እናቱ ገና ናት።»

«ሆዷን እንቁላል የሞላው ግልገል አይቼ አላውቅም» አሉ አያ ልየው።

ገና ጊዜ ነበር። እጅጉ ትልቁን ገንዳ አፍርሶ፣ ከዚያው መስታወት ትንሽ ገንዳ ቆርጦ ቢያጣብቅ፣ ማጣበቂያው በሁለት ቀን ይደርቅ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው አቶ ሽባባው አንድ ጊዜ «አጋንኜ ነው» እንዲሉ ብቻ ነው። እርሳቸው ግን ባልዲውን በጋቢያቸው ሸፍነው የቀበሌውን አስተዳዳሪ ለገንዳው ምረቃ ሊጠሩ ሄዱ።

ትርሲት በቀጠሮዋ ደረሰች፤ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ጉባኤው መሳፈር ነበረባት። ገንዳው ከበስተኋላው ጥቁር ጨርቅ ተወጥሮለት በጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ዙሪያውን እንግዶች ተኮልኩለዋል።

«ጋሼ፣ ይህ ለዓሣ ነው ወይስ ለጥጃ?» አለች ደንግጣ።

«ለአገር ነው!» አሉ አቶ ሽባባው። ወደ እጅጉም ዞረው «ሙላው!» ሲሉ አዘዙ።

«እስከ ግማሹ ይበቃል፣ ጋሼ።»

«እንግዳ በጎደለ ዕቃ አይቀበሉም። ሙላው አልኩህ!»

ተሞላ። ዓሣዋም ገባች። አስተዳዳሪው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ።

«የታለ ዓሣው? እዚያ ጥግ ላይ አንድ ቅጠል ብቻ ነው የሚታየኝ።»

«ይቀርባል፣ ጌታዬ፤ እንግዳ አፍሮ ነው» አሉ አቶ ሽባባው።

ትርሲት ካሜራዋን ስታስተካክል የፊት ለፊቱ መስታወት እንደ ጠገበ ሆድ ወደ ውጭ ገፋ አለ። ወዲያውም «ጧ!» ብሎ ፈነዳ። ውኃው በእንግዶቹ ጉልበት ላይ ተከነበለ፤ ዓሣዋ በሣርና በጫማ መካከል ጠፋች።

«ማንም እግሩን እንዳያነሣ!» ብላ ጮኸች ትርሲት።

ሰው ሁሉ ተንበረከከ። አስተዳዳሪው ሳይቀሩ ሣሩን በእጃቸው እየዳበሱ «ምን የሚያህል ነገር ነው የምንፈልገው?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ቀና ብሎ አቶ ሽባባውን አየ። ሊቀ መንበሩ ጭቃ ውስጥ እንደ ተንበረከኩ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሌባ ጣታቸውን አወጡ።

«ይህችን... ይህችን ታህላለች።»

«ክንዱስ ጋሼ?» አለ አንዱ አጥማጅ።

ብዙ ተፈለገች። የተገኘችው አቶ ሽባባው ሲነሡ፣ ከራሳቸው ጉልበት ሥር ነው። ተጨፍልቃ፣ አመድ መስላ ነበር። ትርሲት በመዳፏ ላይ አኑራ ጥቂት ካየቻት በኋላ ካሜራዋን ወደ ቦርሳው መለሰች። ጉባኤው ያለ ምስል ተቀምጦ ያለ ምስል ወሰነ።

ወር ሳይሞላ የመጀመሪያው ገልባጭ መኪና ድንጋዩን በደንገሉ ላይ ዘረገፈ። የሾላ በር ሰው ዳር ቆሞ እያየ ነበር። በመጨረሻ አቶ ሽባባው ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ሁሉን ያመጣብን የመስታወቱ መሳሳት ነው» አሉ። አያ ልየውም ዓይናቸውን ከድንጋዩ ሳይነቅሉ፣ «ሽባባው ልጄ፣ መስታወቱን አትማው፤ በወሬ ዓሣ መስታወት አይቆረጥም» አሏቸው።