ጅብ የተቀበለው የወንዝ ዘፈን

አንድ ጊዜ፣ በጋው ጠንቶ ምንጩ ሁሉ በደረቀበት ወራት፣ አያ አንበሳ ወንዝ ዳር ተጋድሞ አዋጅ አስነገረ። «ወንዙ ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ነው። ከወንዙ የጠጣም፣ ስለ ውሃ የዘፈነም ይበላል!»

ውሃ መከልከሉስ የጉልበተኛ ወግ ነው። ዘፈን መከልከሉ ግን ፍርሃት ነው፤ የተጠማ ሰውነት ስለ ውሃ ሲዘፈን ከሰማ ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ አንበሳም ያውቀዋል።

እመት አህያ ውርንጭላዋ ምላሱ ደርቆ ቢወድቅባት ቀበሮ ዘንድ ሄደች።

«እመት ቀበሮ፣ ልጄ ሊሞትብኝ ነው። እዚያው አንበሳ ፊት ቆሜ እዘፍናለሁ። ቢበላኝ ይብላኝ!»

«ብቻሽን ከዘፈንሽማ ምሳው ነሽ። ሁላችን ከዘፈንን ግን የቱን በልቶ የቱን ይተዋል?» አለቻት ቀበሮ።

በማግስቱ አራዊቱ ሁሉ ከወንዙ በላይ ካለው ጉብታ ተሰበሰቡ። እንቁራሪት የምንጩን መንፎልፎል አሰማች። ከባሕር ዳርቻ የመጣች ወፍ የማዕበሉን ድምፅ አወጣች፤ ዝሆንም መሬቱን በእግሩ እየደለቀ አጀባት። አህያ አውጪ ሆነች፦

«ከደጋ ተነስቶ ባሕር የሚወርደው፣
ወንዝ መንገደኛ ነው፤ ማን ነው የሚያግደው?»

አንበሳ ይህን ሰምቶ ጅብን ላከው። «ሂድ፣ የዘፈነውን ለይተህ ንገረኝ!»

ጅብ እያለከለከ ሲደርስ ቀበሮ ተቀበለችው። «አያ ጅቦ፣ እንኳን ደህና መጡ! በእኛ ወግ ግን ዘፈኑን ያልተቀበለ ከድግሱ አይቀምስም።»

«ድግስ አለ እንዴ? ምን ምን አላችሁ?»

«አጥንት አለን።»

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ጅብ ከሁሉ በላይ እየጮኸ ተቀበለ። አጥንቱን ቆርጥሞ ሲጨርስ መልእክቱ ትዝ አለውና ወደ ጌታው ወረደ። አህያና ጓደኞቿም እየዘፈኑ ተከተሉት።

«ማን ነው የዘፈነው?» አለ አንበሳ።

«ጌታዬ፣ ሁሉም ናቸው!»

«ምን ብለው?»

ጅብ ጉሮሮውን ጠርጎ ዘፈኑን ከነዜማው አወረደው። ከኋላው ያሉት ሁሉ ተቀበሉት። አንበሳ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ «አንተም ዘፈንክ?» ብሎ ቢያገሳበት ጅብ ወዴት እንደገባ አልታወቀም።

አህያ ውርንጭላዋን እየገፋች በአንበሳ ፊት አልፋ ውሃው ውስጥ ገባች። ወደ አንበሳም ዞረች።

«ጌታዬ፣ አዋጅዎን ጥሻለሁ። ይብሉኝ! ልጄ ግን ሳይጠጣ ከዚህ አይወጣም።»

አንበሳ ሊዘል ተነሣ። ጎሽ ከአህያ ጎን ገባ። ዝሆን ገባ። እንቁራሪቷ እንኳ ገባች። ሁሉም እየዘፈኑ አንበሳን ትክ ብለው አዩት። አንበሳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ከዚያም ሌላ እርምጃ፤ ከዚያም ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቁጥቋጦው ሄደ። ውርንጭላውም ሆዱ እስኪነፋ ጠጣ።

ከዚህ የምንማረው፣ አንዱ ብቻውን የዘፈነው ዘፈን ዘፋኙን ቢያስበላ፣ ሁሉ የተቀበለው ዘፈን ግን የጉልበተኛን አዋጅ እንደሚያፈርስ ነው።