የአብተው ዋሽንትና የይመኙሻል ክራር

በድሮ ዘመን ነው፣ ልጆቼ፤ ክራር ደርዳሪ ሁሉ ክራሩን በየራሱ ድምፅ ልክ በሚቃኝበት ዘመን። ያኔ ይመኙሻል የምትባል ዘፋኝ ነበረች። ድምፅዋ ወፈር ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናት።

በዚያው አገር አብተው የሚባል ዋሽንት ነፊ ነበር። አብተው ጎበዝ ነው፤ ጎበዝነቱን ግን ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚናገረው ራሱ ነው። አንድ ቀን ንጉሡ ፊት ቀርቦ፣ ዘፈን የተዘበራረቀው ሁሉም በየፊናው ስለሚቃኝ ነውና ከእንግዲህ አገሩ በሙሉ በእኔ ዋሽንት ይቃኝ አለ። ንጉሡ ሥርዓት ይወዳሉ፤ አዋጅ አስነገሩ። በአብተው ዋሽንት ያልተቃኘ ክራር ሠርግ ቤት እንዳይገባ ተከለከለ።

የአብተው ዋሽንት አጭር ናት፤ ድምፅዋም ቀጭን። ይመኙሻል ክራሯን በዚያች ልክ ብትወጥር ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ሌላ ክር አሰረች፤ እሱም ጧ አለ። በሦስተኛው ክሩ ቻለ፤ ጉሮሮዋ ግን አልቻለም። ሠርግ ላይ ድምፅዋ መሃል ላይ ተሰነጠቀና ሚዜዎቹ ሳቁባት። ከዚያ ወዲያ የሚጠራት ጠፋ። አብተው ዘንድ ሄዳ ብትለምነው፣ ጥፋቱ የጉሮሮሽ ነው ብሎ መለሳት።

አለቀሰች። ተናደደች። ከዚያ አሰበች።

ንጉሡ ልጃቸውን ሲድሩ፣ ይመኙሻል ሳትጠራ ክራሯን ይዛ ገባች፤ በድግሱ መሃልም ተነሥታ እጅ ነሣች፤ የሙሽራዋ አባት ቢዘፍኑልን ብላም ለመነች። ንጉሡ ብዙ አላስለመኑም። አብተው ነፋ፣ እሳቸው ጀመሩ። ከፍ አሉ፤ አሁንም ከፍ አሉ፤ በሦስተኛው ድምፃቸው እንደ ጫጩት ሲጥ አለ። መኳንንቱ በሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ብርሌያቸውን መመርመር ያዙ።

«ጉሮሮዬን ምን ነካው?» አሉ ንጉሡ፣ ላብ አጥምቋቸው።

«እኔን ጥፋቱ የጉሮሮሽ ነው ብሎኛል፣ ጃንሆይ» አለች ይመኙሻል። «አብተው፣ እስቲ ለእሳቸውም ንገራቸው።»

አብተው ዋሽንቱን እንደ አዲስ ዕቃ ያገላብጥ ጀመር።

ይመኙሻል የክራሯን ክሮች አንድ በአንድ አላላችና ንጉሡን ዝግ ብለው እንዲጀምሩ ጠየቀቻቸው። ጀመሩ። ድምፃቸው ሞልቶ ወጣ፤ ሙሽራዋ እንባዋ መጣ፤ አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ።

አዋጁ በማግሥቱ ተሻረ። አብተውም ተፈረደበት፦ ረጅም፣ መካከለኛ፣ አጭር ዋሽንት ቀርጾ፣ ከነሸክሙ ሠርግ ለሠርግ ይዙር፤ ከመንፋቱም በፊት ዘፋኙን «በየትኛው ልንፋልዎ?» ብሎ ይጠይቅ። መጀመሪያ የጠየቀው ይመኙሻልን ነው። እሷም ሦስቱንም ደግማ ደጋግማ አስነፋችው፤ በመጨረሻም ረጅሙን መረጠች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሌላውን ከማስተካከላችሁ በፊት ድምፁን ስሙት። እኔ እንዲህ ሰማሁ፣ እንዲህ አወራኋችሁ፤ እናንተም በየድምፃችሁ አውሩት።