ይይዛል እና ይዟል

ስሙኝማ፤ ጊዜ ያለው ይቀመጥ፣ የቸኮለም ቆሞ ይስማ። ወይዘሮ ዘርፌ አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ። ልጃቸው ምንትዋብ ትናንት ወልዳ ዛሬ ከሆስፒታል ወጥታለች፤ ጨቅላዋን ታቅፋ በሩ ላይ ትጠብቃለች። ደመናው ጠቁሯል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ለአራስ አይራራም። ወይዘሮ ዘርፌ ምንትዋብን ከነልጇ ቤት ማስገባት ፈለጉ፤ ሌላ ምንም።

ባላቸው አቶ ይርዳው አሮጌዋን መኪና አስነሱ። እጅ ፍሬኑን አወረዱ፣ ነዳጅ ሰጧት። ሞተሩ አጓራ፤ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

አቶ ይርዳው ለሰፈሩ መካኒክ ለግዛቸው ደወሉ። «እጅ ፍሬኑ ይይዛል ጋሼ?» አላቸው። «እንዴታ፣ በደንብ ይይዛል» አሉ፣ ኮራ ብለው። «እንግዲያው ፍሬኑ ደህና ነው፤ ሞተሩን ይዩት» ብሎ ዘጋ። እሳቸውም ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩ ላይ አፈጠጡ።

ወይዘሮ ዘርፌ ስልኩን ነጠቁና መልሰው ደወሉ። «ግዛቸው፣ የኔ ልጅ፣ ይዞ አይለቅም ማለቱ ነው እኮ።»

«ጋሼ ይይዛል አሉኝ እንጂ ይዟል መቼ አሉኝ እትዬ? መጣሁ» አለ።

መጣ። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፈና ኋላዋን በክሪክ አነሣ። የቀኙን ጎማ ገፋ ሲያደርገው ዞረ። የግራውን ገፋው፤ ወይ ፍንክች።

«ጎማ ጎማ፣ ዙር እንጂ» አሉት ወይዘሮ ዘርፌ። «ጎማ ካልዞረ መኪና አይሄድም፣ መኪና ካልሄደ ምንትዋብ ቤት አትገባም።»

«ታምቡሩ አልለቅም ብሎኝ ነው» አለ ጎማው። ጎማ ይናገራል ወይ እንዳትሉኝ፤ ልጇ ብርድ ላይ የቆመችባት እናት ያልተናገረውንም ትሰማለች።

ግዛቸው ጎማውን ፈታ። ድስት የሚመስለው ብረት፣ ታምቡሩ፣ ብቅ አለ።

«ታምቡር ታምቡር፣ ልቀቅ። ታምቡር ካልለቀቀ ጎማ አይዞርም፣ ጎማ ካልዞረ መኪና አይሄድም፣ መኪና ካልሄደ ምንትዋብ ቤት አትገባም።»

«ሸራው ከውስጥ ወጥሮ ይዞኛል» አለ ታምቡሩ።

ግዛቸው ታምቡሩን በመዶሻ ዳር ዳሩን መታ መታ አድርጎ በግድ አወጣው። ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ እንደተዘረጋ ቀርቷል።

«ሸራ ሸራ፣ ተሰብሰብ። ሸራ ካልተሰበሰበ ታምቡር አይለቅም፣ ታምቡር ካልለቀቀ ጎማ አይዞርም፣ ጎማ ካልዞረ መኪና አይሄድም፣ መኪና ካልሄደ ምንትዋብ ቤት አትገባም።»

«ሞላው ካልሳበኝ በየት በኩል ልሰብሰብ?» አለ ሸራው። ሸራውን ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላም ሳይጠየቅ አኮረፈ፦ «ካቦው አልላላ ካለኝ በምን አቅሜ ልሳብ?»

ካቦው ከእጅ ፍሬኑ እስከ ጎማው የሚሄደው የብረት ገመድ ነው። ግዛቸው መኪናዋ ሥር ገብቶ ነካው፤ እጅ ፍሬኑ ወርዶም እሱ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ልባሱ ተቀዶ ውሃ ገብቶበታል።

«ካቦ ካቦ፣ ላላ በል» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ። «ካቦ ካልላላ ሞላ አይስብም፣ ሞላ ካልሳበ ሸራ አይሰበሰብም፣ ሸራ ካልተሰበሰበ ታምቡር አይለቅም፣ ታምቡር ካልለቀቀ ጎማ አይዞርም፣ ጎማ ካልዞረ መኪና አይሄድም፣ መኪና ካልሄደ ምንትዋብ ቤት አትገባም።»

«ዝገት አንቆኛል» አለ ካቦው። ዝገቱ ደግሞ ሳቀባቸው። «ባልሽ ክረምቱን ሙሉ እጅ ፍሬን ስቦ ዝናብ ላይ ሲያቆማት እኔ ቤቴን ሠራሁ። አሁን ወዴት ልሂድ?»

«እንዳትንሸራተት ብዬ ነው» አሉ አቶ ይርዳው፣ አንገታቸውን ደፍተው። «አንተና ጥንቃቄህ!» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ።

«ጋሼ ይግቡና እጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ይልቀቁ» አለ ግዛቸው፣ ካቦው ላይ ዘይት እያፈሰሰ። ከሁሉም እምቢ ያላለ ዘይቱ ብቻ ነው። አቶ ይርዳው ሳቡ፣ ለቀቁ። ሳቡ፣ ለቀቁ። ላብ አጠመቃቸው። ወይዘሮ ዘርፌ ከንፈራቸውን ነክሰው ካቦውን ብቻ ያያሉ።

ከዚያ ቋ አለ። ዘይቱ ዘለቀ፣ ዝገት ለቀቀ፣ ካቦ ላላ፣ ሞላ ሳበ፣ ሸራ ተሰበሰበ፣ ታምቡር ቦታው ገባ፣ ጎማ ታሰረ፣ ጎማ ዞረ፣ መኪና ሄደች። እፎይ! «ካቦው እስኪቀየር እጅ ፍሬን እንዳይነኩ፤ በማርሽና በድንጋይ ያቁሟት» እያለ ግዛቸው ከኋላ ይጮሃል።

ምንትዋብ ሆስፒታሉ በር ላይ በነጠላዋ ልጇን ሸፍና ቆማለች። «እማዬ፣ የምትመጡ አልመሰለኝም ነበር» አለች። ወይዘሮ ዘርፌ ጨቅላዋን ተቀብለው ደረታቸው ላይ አደረጓት፤ ትሞቃለች፤ ተኝታለች። አቶ ይርዳው መሪውን ይዘው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

«በል ንዳ፣ ቤታችን እንግባ» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ፤ ምንትዋብም ቤቷ ገባች።