ግሪሳ የመጣበት አውጫጭኝ

በአንድ ወቅት፣ አንድ ቁና ማሽላ አንዲት ፍየል ባወጣበት ክፉ ወቅት፣ ዳርምድር የምትባል ትንሽ የቆላ አገር ነበረች። ዳርምድር ንጉሥ የላትም። እጅ እያወጣች ፕሬዚዳንት ትመርጣለች፤ ሲያስጠላትም እጅ እያወጣች ታወርዳለች። ምርጫዋ አዲስ ነው፣ ሕጓ ግን የቅድመ አያት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ከአሮጌዎቹ ሕጎች አንዱ አውጫጭኝ ይባላል። በሬ ተሰርቆ ወይም ቤት ተቃጥሎ አድራጊው ሲጠፋ፣ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። አራስም ሆነ ሽማግሌ አይቀርም። ሰባት ዳኞች ይሰየማሉ። የጥፋተኛው ስም እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ለምን ቢሉ፣ ከብቱ ሲጮኽበትና ማሳው ሲጠራው ሰው የደበቀውን ያወጣል። ብልህ ሕግ ነው። ግን ጥርስ አለው፦ ስም ሳይወጣ ከሜዳው የተነሳ ሰው፣ ጥፋተኛው እሱ ነው ይባላል። ጥፋተኛ የተባለ ቤቱ ይፈርሳል፤ ከነቤተሰቡ ከወንዙ ማዶ ወዳለው በረሃ ይሰደዳል። ከዚያ በረሃ የተመለሰ ሰው አልታየም።

ሕጉ የተሠራው ለበሬ ሌባ ነው። ዳርምድሮች ግን ረሃቡ ሦስተኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ «እዚህ ያደረሰን ማን ነው?» አሉና ሦስት ፕሬዚዳንቶቻቸውን አውጫጭኝ ላይ አስቀመጡ። ሁለቱ የወረዱ ናቸው፣ አንዱ በሥልጣን ላይ ያለ። ጥጋባቸውን እንደ በሬ ጎትቶ የወሰደ አንድ ሰው ያለ መሰላቸው።

ከሰባቱ ዳኞች አንዷ ይታይሽ ነበረች። ባሏ ሲሞት የዳኝነት ወንበሩን የወረሰች ማሽላ ገበሬ ናት። ሁለት ዓመት ዝናብ ከድቷት፣ በሦስተኛው ጠብ ብሎላት፣ ማሳዋ ላይ ማሽላው አሽቷል። ፍሬው ገና ወተት ነው፤ ለማጨድ ሳምንት ይቀረዋል። ማሳዋ ሜዳው ጫፍ ላይ ስለሆነ ከተቀመጠችበት ታየዋለች። ከኋላዋ ልጇ ዘነቡ የአርባ ቀን ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። የዘነቡ ጡት ደርቋል። ያ ማሽላ ቤት ከገባ ሕፃኑ ይተርፋል። ካልገባም፣ ያው ነው።

ግሪሳን ለማያውቅ ልንገረው። ከድንቢጥ የማትበልጥ ወፍ ናት፤ ብቻዋን ብታዩዋት ታሳዝናለች። ግን ብቻዋን አትመጣም። የምትወደው ደግሞ ልክ እንዲህ ወተት የያዘ ማሽላ ነው። ስለዚህ ገበሬ በዚህ ሰሞን ከማማው አይወርድም፤ ወንጭፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ይውላል። ያን ሰሞን ግን የዳርምድር ማማዎች ሁሉ ባዶ ነበሩ። ጠባቂው በሙሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ጥፋተኛ ይፈልጋል።

በመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት፣ ሽማግሌው ይመር ተጠየቀ። በእሱ ዘመን ጥጋብ ነበር። የአገሩን የክፉ ቀን ጎተራ ሸጦ እስከ ወንዙ ድረስ መንገድ አሠራ።

«ጎተራው እየነቀዘ ነበር» አለ ይመር። «መንገድ አይነቅዝም። መንገድ የሌለው አገር ሲርበው ማን ይደርስለታል ብዬ ነው።»

«መንገዱማ አለ፣ ጋሼ!» ብሎ ሸማኔው አንሙት ከኋላ ጮኸ። «እህላችን ተጭኖ የወጣው በምን ሆነና!»

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ይመር ራሱ ሳቀ፤ ጥርስ አልነበረውም። ይታይሽ ግን አልሳቀችም። መንገዱ የተመረቀ ቀን እልልታውን የጀመረችው እሷ ነበረች። አሁን በቅርቡ ደግሞ ዘነቡን ምጥ ሲጠናባት ሐኪም ዘንድ በሕይወት ያደረሳት ያው መንገድ ነው።

በሁለተኛው ቀን አስካለ ተጠየቀች። ሥልጣን የያዘችው ዝናቡ የቀረ ዓመት ነው። ጎተራውን ስትከፍት አይጥ እንኳ ጥሎት ሄዷል። ስለዚህ አዋጅ አወጣች፤ አንድ ቁና ማሽላ ከሁለት ብር በላይ የሸጠ ይታሰራል አለች። በመጀመሪያው ወር ድሃው በላ። በሁለተኛው ወር ገበያው ባዶ ሆነ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ገበሬን ሦስት ብር የፈጀበትን እህል በሁለት ሽጥ ብትሉት እምቢ አይላችሁም፤ እሺ ይልና ይቀብረዋል።

«በዚያች አንድ ወር ከሞት የተረፉት እዚህ መሐላችሁ ተቀምጠዋል» አለች አስካለ። «እህሉ ከገበያ ጠፋ አላችሁኝ። እኔ አልቀበርኩትም። የቀበራችሁት እናንተ ናችሁ።»

«እኛን ልትከሺ ነው እንዴ የመጣሽው?» አለች አንዲት ሴት።

«ተጠየቅኩ፣ መለስኩ።»

በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ይታይሽ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ያን ጊዜ እሷም ሁለት ጆንያ ማሽላ ጓሮዋ ጉድጓድ ውስጥ ቀብራለች። ባልታሰበ አንድ ዶፍ ጉድጓዱ ውኃ ገባው። ስትከፍተው ማሽላው ጠቁሮ፣ ሽታው ከሩቅ ይጣራ ነበር። እሷም አልበላችው፣ ሌላም አልበላው። ይህን ከዘነቡ በቀር የሚያውቅ የለም።

በሦስተኛው ቀን ምንተስኖት ተጠየቀ፤ አሁን ወንበሩ ላይ ያለው፣ ገና ጎልማሳ ነው። በተመረጠ ሳምንቱ አዋጁን ሻረ፤ እህሉም ከየጉድጓዱ ብቅ ማለት ጀመረ። ከዚያ ገበያ መሐል ቆሞ እውነቱን ነገራቸው። «ያለን እህል እስከ ጥቅምት አይደርስም። አልዋሻችሁም» አላቸው። እውነት ነበር። ግን እውነት በረሃብ ቀን ምን እንደሚሠራ ልብ በሉ፦ ነገ የለም የተባለ ሰው የነገውን ዛሬ ይገዛል። ሕዝቡ የአራት ወር እህል በአንድ ቀን ተሻማ። ማሽላ ፍየል ያወጣው ያን ቀን ነው።

«መሪ አይዋሽም ብዬ ነው» አለ ምንተስኖት።

«ብትዋሸንማ ቢያንስ አንድ ወር በተስፋ እንበላ ነበር!» አለ አንሙት። ሳቁ ትንሽ ተሰማና ጠፋ። ሦስት ቀን ያልቀመሰ ሰው ለሳቅም አቅም ያንሰዋል።

ይታይሽ ያን የገበያ ቀን አልረሳችም። ከፊቷ የቆመች ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። በክርኗ ገፍታ አለፈቻት። የመጨረሻውን ቁና ማሽላ ይዛ ስትመለስ ሴትዮዋ ባዶ ጆንያዋን ታጥፍ ነበር።

ዳኞቹ ተማከሩ። ሁለቱ ይመር ነው አሉ፤ ጎተራው ቢኖር ይህ ሁሉ ባልመጣ። ሁለቱ አስካለ ናት አሉ፤ በአዋጅ እህል አይበቅልም። ሁለቱ ምንተስኖት ነው አሉ፤ በርቶ የነበረውን ኩራዝ እፍ ያለው እሱ ነው። የዳኞቹ አለቃ አባ ጉልላት ወደ ይታይሽ ዞሩ።

«ሰባተኛዋ አንቺ ነሽ፣ ልጄ። አንቺ ያልሽው ይሆናል።»

«እስከ ነገ ጠዋት ስጡኝ፣ አባቴ» አለች።

ሰጧት። ጠዋቱ ግን ከእሷ ቀድሞ መጣ። ፀሐይ ከወጣች ብዙም ሳትቆይ በምሥራቅ በኩል አንድ ጥቁር ነጠላ የመሰለ ነገር ሰማዩ ላይ ተዘረጋ፣ ተጠቀለለ፣ እንደገና ተዘረጋ። ምንነቱን ማንም ማንንም አልጠየቀም። ሜዳው ላይ ያለው ሁሉ ሊነሳ ቃጣ። አንድም ሰው አልተነሳም።

«አንድ ሰው ይነሳ እንጂ!» አለ አንሙት።

«አንተ ተነሳ!»

«እኔማ ሚስትና አምስት ልጅ አለኝ!»

«እኛ ታዲያ ድመት ነው ያለን?»

ነጠላው ዝቅ አለና የይታይሽ ማሳ ላይ አረፈ። ሕዝቡ ከተቀመጠበት ጮኸ፣ አጨበጨበ፣ አፏጨ። አንሙት ጫማውን አውልቆ ወረወረ፤ ጫማውም መንገድ ላይ ቀረ። ቁጭ ብሎ የሚጮኽን ሰው ወፍ አይፈራም። ማሽላው መወዛወዝ ጀመረ፤ ነፋስ ግን አልነበረም።

«ስም!» አሉ አባ ጉልላት። የእሳቸውም ማሳ ከይታይሽ ቀጥሎ ነው። «ይታይሽ፣ ስም!»

ያን ጊዜ ሽማግሌው ይመር ተናገረ። «እኔን በይ፣ ልጄ። ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ ሚስቴም ሞታለች፣ ከእኔ ጋር የሚሰደድ የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አልምልም፣ አይደለምና፤ በራሴ ብነሳም እንደ መማል ነው። ግን እኔን በይና ሰው ወደ ማሳው ይሩጥ።»

አስካለ ቀጠለች። «እኔን የምትዪኝ ከሆነ በሥራዬ በይኝ፤ በወፍ ምክንያት አትበይኝ። ሽማግሌውንም እንዳትዪ። በውሸት ስም ዛሬ ከተነሳችሁ፣ የሚመጣው መሪ ጎተራችሁን ባዶ ሲያደርግ አንድ የሚሰደድ ሽማግሌ ይፈልግላችኋል። እናንተም በደስታ ትሸኙታላችሁ።»

ምንተስኖት መጨረሻ ተናገረ። እሱ ገና ፕሬዚዳንት ነው፤ ተነስቶ ቢሄድ ስሙ በሕጉ ይወጣ ነበር፣ ሕዝቡም ይፈታ ነበር። ሁሉም እሱን ይመለከቱ ነበር። እሱ ግን እንደተቀመጠ፣ «አልነሳም፣ እትዬ ይታይሽ» አለ። «ጎረቤት አገር እህል በጀልባ ሊልክ ቃል ሰጥቶኛል። የሚያስረክቡት ለእኔ ብቻ ነው። እኔ በረሃ ከገባሁ ጀልባው ወንዙ መሐል ዞሮ ይመለሳል። ፈሪ በሉኝ።»

«ጀልባው መቼ ይመጣል?» አለች ይታይሽ።

«አልዋሽሽም» አለ። «አላውቅም።»

ከኋላዋ ዘነቡ ጉልበቷን ነካቻት። «እማዬ፣ የፈለግሽውን በይ። ብቻ ቶሎ በይ።» ሕፃኑ አላለቀሰም። ካለቀሰ ሁለት ቀን ሆኖታል።

ይታይሽ አፏን ከፈተች፤ ሦስት ስም ምላሷ ላይ ነበር። አራተኛ ስምም ነበር። እልል ያለችው እሷ ናት፣ የቀበረችው እሷ ናት፣ በክርኗ የገፋችው እሷ ናት። የራሷን ብትጠራ ግን ሕጉ ከነቤተሰብ ነው የሚለው፤ ዘነቡና ሕፃኑ በረሃ ይገባሉ። ቀና ብላ ሜዳውን ተመለከተች። ልክ እንደ እሷ መሬት መሬት የሚያዩ ስንትና ስንት ናቸው! ሁሉም እልል ብለዋል፣ ሁሉም ቀብረዋል፣ ሁሉም ገፍተዋል። ሕጉ ግን አንድ ስም ነው የሚፈልገው፤ የሜዳ ሙሉ ሰው የሚሰደድበት በረሃ የለውም።

ነጠላው ከማሳዋ ተነሳ። የማሽላው ራስ ባዶ እንደሆነ ከሩቅ ይታወቃል፤ ከብዶት ያጎነበሰው አገዳ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ነጠላው ሰማይ ላይ አንዴ ዞረና የአባ ጉልላት ማሳ ላይ አረፈ። ከእሱ ቀጥሎ የአንሙት ነው። ከአንሙት ቀጥሎ የሌላው።

አሁን ስም ብትጠራ የሷን ማሽላ አይመልስላትም። የሌላውን ግን ምናልባት ያተርፋል። ምናልባት ነው።

እንግዲህ እናንተም ሰምታችኋል። ጎተራውን በመንገድ የለወጠው ይመር አለ፤ የአንድ ወር ጥጋብ ሰጥታ ገበያውን ያደረቀችው አስካለ አለች፤ እውነቱን ተናግሮ ሕዝቡን ያሻማው፣ አሁንም ላልታወቀ ጀልባ ብሎ ቁጭ ያለው ምንተስኖት አለ፤ ይህን ሁሉ ከነሱ ጋር ያደረገችው ይታይሽም አለች። እያንዳንዱን በየተራ ስታዩት እሱ ነው ያሰኛል፤ ቀጥሎ ያለውን ስታዩ ደግሞ እሱ ነው ያሰኛል። ተከራከሩበት። ግን ቁጭ ብላችሁ ስትከራከሩ ወፏ ከማሳ ወደ ማሳ እየተሻገረች ነው፤ ስም ሳታወጡም ብትነሱ ሕጉን ታውቁታላችሁ።

ይታይሽ አፏን እንደከፈተች ናት። በረሃው የሚገባው ለማን ነው?